«ፈጣን ብረት» ወይስ «ፍጥነት ቻይ ብረት»? ስለ እንጨት መቅረጫ ስለቶች ስያሜ

የሙያ ቃል ሲተረጐም የቃሉን መልክ ብቻ ሳይሆን የነገሩን ጠባይ መከተል ይገባዋል። በቶርኖ እንጨት የሚቀርጽ ባለሙያ ከሁለት የስለት ዓይነቶች አንዱን ይመርጣል፤ ስሞቻቸው ቃል በቃል ከተተረጐሙ ግን ምርጫውን ያደናግራሉ።

አንደኛው «ሃይ ስፒድ ስቲል» የሚባለው ነው። ፍሬድሪክ ቴይለርና ማንሰል ኋይት የተባሉ አሜሪካውያን ያዳበሩት ሲሆን፣ በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኤግዚቢሽን ታይቷል። ተንግስተን ወይም ሞሊብደነም፣ ክሮሚየምና ቫናዲየም ስለሚገቡበት እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢግልም ጥንካሬው አይለቀውም። እንግዲህ ፈጣኑ ብረቱ አይደለም፤ በፍጥነት ሲቆረጥበት የሚመጣውን ግለት ቻይ ነው እንጂ። «ፈጣን ብረት» ብንለው ለማጅ መኪናውን እንዲያፈጥን የታዘዘ ሊመስለው ይችላል። የእንጨት ቅርጽ ፍጥነት የሚወሰነው ግን በእንጨቱ ስፋትና ሚዛን ነው፤ ሰፊና ሚዛኑን ያልጠበቀ ግንድ በፍጥነት ቢሽከረከር ተፈናጥሮ ሰው ይጐዳል። ስለዚህ «ፍጥነት ቻይ አረብ ብረት» የሚለው ይሻላል።

ሁለተኛው ካርል ሽሮተር በጀርመን አገር በ1923 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ነው። የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከኮባልት ጋር ተጨምቆ በሙቀት ይጣበቃል፤ ስለሆነም «ብረት» መባል አይገባውም። «ካርባይድ» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ በጋዝ ብየዳ የታወቀው፣ ውሃ ሲነካው ተቀጣጣይ ጋዝ የሚያወጣው ካልሲየም ካርባይድም በዚሁ ስም ይጠራልና። ሙሉ ስሙ ይጻፍ።

ስሙ ከጠራ ምርጫው ይቀላል። ፍጥነት ቻይ አረብ ብረት ይበልጥ የሰላ ጠርዝ ይቀበላል፤ ጥሩ እጅ ሲይዘው ልስልስ ገጽ ይሰጣል፤ ቶሎ ቢዶለድምም በተራ የመሳያ ድንጋይ ይሳላል። የተንግስተን ካርባይድ ስለቱ ብዙ ይቆያል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ ለመሳልም እንደ አልማዝ ያለ ጠንካራ መሳያ ይሻል። ትንሿ ስለት ስትዶለድም ተዙራ፣ በመጨረሻ ትለወጣለች። ለጀማሪ ቀላል ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚፍቅ፣ ገጹ የብርጭቆ ወረቀት ይፈልጋል።

ለመዝገበ ቃላት የሚቀርበው ፍቺ፦

ፍጥነት ቻይ አረብ ብረት፦ በፈጣን ቆረጣ ሲግል ጥንካሬውን የማይለቅ የመቍረጫ አረብ ብረት።

የተንግስተን ካርባይድ (ስለት)፦ በኮባልት የተጣበቀ፣ እጅግ ጠንካራና ተሰባሪ የመቍረጫ ቁስ።