የቡጢ ግጥሚያ ነጥብ በየዙሩ ስለ መያዝ

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ፣ ኳስ ወደሚታይበት ቤት የገባ ሰው ክርክር አይጠፋበትም። ዳኛው አድልቷል፣ ቅጣት ምቱ አይገባም ነበር፣ ተቀያሪው ዘግይቶ ገባ ይባላል። ነገር ግን ውጤቱ ስንት ለስንት እንደ ሆነ የሚከራከር የለም፤ ቁጥሩ በቴሌቪዥኑ ጥግ ተጽፎ ይታያልና። የቡጢ ግጥሚያ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሁለት ሰዎች 12 ዙር ሙሉ ሲደባደቡ ማን እየመራ እንደ ሆነ ተመልካቹም፣ ተጋጣሚዎቹም፣ አሠልጣኞቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ አያውቁም። ውጤቱ የሚታወቀው የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ የሦስት ዳኞች ነጥብ ተደምሮ ሲነበብ ነው።

በማደሪያ ክፍሎቻችን የቆዩ ግጥሚያዎች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ ይዞራሉ፤ መብራት ከጠፋም በአንዱ ላፕቶፕ ባትሪ እስከ ስምንተኛው ዙር ድረስ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ይነሣል። በዚህ ጭቅጭቅ የሚረታው ግን ግጥሚያውን በደንብ ያየው አይደለም፤ ድምፁ የጎላው ነው። አራተኛ ዓመት ተማሪው «ሰውዬው ተበልቷል» ብሎ ከፈረደ፣ አዲስ ገቢው ሌላ ነገር ቢያይም እንኳ ዝም ይላል። ይህን ለማስቀረት ከእርሳስና ከብጫቂ ወረቀት የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ሁሉም ለየራሱ ይጽፋል፣ ከጻፈ በኋላ ይናገራል።

ሥርዓቱ ለመማር የሚከብድ አይደለም። እያንዳንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው፤ በመካከሉ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት አለ። ዙሩን ያሸነፈው 10 ያገኛል፣ የተሸነፈው 9። አንዱ መሬት ከወደቀ ብዙውን ጊዜ 10 ለ 8 ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ከወደቀ 10 ለ 7። ምንም ሳይወድቅ ዙሩን ሙሉ የተቀጠቀጠ ሰውም 8 ሊሰጠው ይችላል። እኩል ነበሩ ብሎ 10 ለ 10 መስጠት አይከለከልም፤ ነገር ግን የሚሰጡት ዳኞች ጥቂቶች ናቸው። በጥፋት ነጥብ የሚያስቀንሰው የመሃል ዳኛው ነው።

ዙሩን የሚያሸንፈው ማን ነው? አራት ነገር ይታያል፦ ጥርት ብሎ ያረፈ ምት፣ ውጤት ያለው ማጥቃት፣ መድረኩን መቆጣጠርና መከላከል። ከአራቱ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። ምት የሚቆጠረው በጓንቱ የጣት አንጓ በኩል በራስ ወይም ከቀበቶ በላይ ባለው ገላ ላይ፣ ከፊትና ከጎን ሲያርፍ ነው። በክንድ ላይ ያረፈ፣ ጓንት የገፈተረው፣ አየር የቀዘፈ ምት የቱንም ያህል ቢያስፈራ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ወደ ፊት መሄድ ብቻውንም ማጥቃት አይባልም፤ ወደ ፊት እየሄደ የሚመታ አለ፣ ወደ ፊት እየሄደ የሚመታው ደግሞ ይበዛል።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስተማሪያ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1974) በኪንሻሳ መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ያደረጉት ግጥሚያ ነው። አሊ በገመዱ ተደግፎ ክንዶቹን ፊቱ ላይ አጥሮ ቆሞ ፎርማን እንደ ገብስ ሲወቃው የተመለከተ ሁሉ፣ አሊ ዙር በዙር እየተሸነፈ ቆይቶ በስምንተኛው ድንገት በዝረራ አሸነፈ ብሎ ይተርካል። ሦስቱ ዳኞች ግን እስከ ሰባተኛው ዙር በሰጡት ነጥብ ሁሉም አሊን ያስቀድሙ ነበር። ከፎርማን ምት አብዛኛው በክንድና በክርን ላይ ቀርቷል፤ አሊ ደግሞ በየመካከሉ፣ በተለይም በየዙሩ መጨረሻ፣ ቀጥተኛ ምቶችን ፊቱ ላይ ያሳርፍ ነበር። ድምፁን ዘግቶ ክንዱን ሳይሆን ፊቱን እያየ የቆጠረ ይህን ያገኘዋል።

አሁን ወደ ድምሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ተጋጣሚ ሰባቱን ዙር በጠባብ ልዩነት፣ ሌላው አምስቱን ዙር ሰውዬውን እያንገዳገደ ቢያሸንፍ፣ ማንም ካልወደቀ ድምሩ 115 ለ 113 ይሆናል፤ አሸናፊውም በጠባብ ያሸነፈው ነው። ዳኛው የሚጠየቀው «ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» ተብሎ አይደለም። አሥራ ሁለት ትንንሽ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ አንዱን ከመለሰ በኋላም ረስቶት ወደሚቀጥለው መሄድ አለበት። እንደ በላ ልበልሃ ሙግት ቀድሞ የተነገረው ኋላ ተመልሶ አይረታም። ሦስተኛው ዙር ላይ የተመታ ሰው አራተኛው ሲጀመር ዕዳውም ብድሩም የለበትም።

ይህን አጥርቶ የሚያሳይ እንደ ማርቪን ሃግለርና ሹገር ሬይ ሌናርድ ግጥሚያ የለም። መጋቢት 28 ቀን 1979 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1987) በላስ ቬጋስ ተደረገ። ሌናርድ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጋጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሃግለር የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን ነው። ሌናርድ ግጥሚያው ከ15 ይልቅ 12 ዙር እንዲሆን አስቀድሞ ተዋውሏል፤ በእኔ አስተያየት ግማሹ ድል በዚያ ፊርማ ላይ ነበር። ሃግለር በተፈጥሮው ግራኝ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እንደ ቀኝ እጅ ሰው ቆሞ ተጋጠመና እነዚያን ዙሮች እንዲሁ በነጻ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ወደ ልማዱ ተመልሶ ማሳደድ ጀመረ። የሌናርድ ማዕዘን ሰዎች ደግሞ ዙሩ ሊያልቅ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀረው ይጮኹለታል፤ እርሱም ወዲያው በሁለት እጁ ፈጣን ምት ያዘንብና ሕዝቡን ያስነሣል። ሁለት ደቂቃ ተኩል የሃግለር፣ ግማሽ ደቂቃ የሌናርድ የሆነ ዙር ለማን ይሰጣል?

ዳኞቹም አልተስማሙም። ሉ ፊሊፖ 115 ለ 113 ለሃግለር ሰጠ፤ ዴቭ ሞሬቲ በዚያው ቁጥር ለሌናርድ ሰጠ፤ ጆጆ ጌራ ግን 118 ለ 110 ለሌናርድ ብሎ ጻፈ። ቁጥሩን ፈትቶ ማየት ይጠቅማል። ፊሊፖ ለሃግለር ሰባት ዙር ሲሰጠው፣ ጌራ የሰጠው ሁለት ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ መድረክ ዙሪያ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ቢያንስ አምስት ዙር የተለያየ ነገር አይተዋል ማለት ነው። ሃግለር ከዚያች ሌሊት በኋላ ጓንት አላጠለቀም፤ እስኪሞትም ድረስ (በፈረንጆች 2021) ያሸነፍሁት እኔ ነኝ እንዳለ ኖረ። ይህን ግጥሚያ ለምትይዙ ሁሉ የምመክረው፣ በየዙሩ የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጉ፤ ደወሉ ሲደወል ከምልክቱ ጋር አስተያዩ። የመጨረሻው ሠላሳ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚያታልል በገዛ ወረቀታችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

የቆዩትን ግጥሚያዎች ስትይዙ በዚያ ጊዜ የነበረውን ሕግ ማወቅ ግድ ነው። የካቲት 29 ቀን 1963 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1971) ጆ ፍሬዘር አሊን በኒው ዮርክ ሲያሸንፍ ነጥብ የሚያዝበት መንገድ ሌላ ነበር፤ ዙር ብቻ ይቆጠር ነበር። የመሃል ዳኛው አርተር መርካንቴ 8 ለ 6 አንዱን እኩል፣ አርቲ አይዳላ 9 ለ 6፣ ቢል ሬክት 11 ለ 4 ሁሉም ለፍሬዘር ሰጡ። ፍሬዘር በዐሥራ አምስተኛው ዙር በግራ ሁክ አሊን በጀርባው ሲያስተኛው ያየ ሰው ያ ምት ግጥሚያውን የወሰነ ይመስለዋል። በዚያ ሕግ ግን መውደቁ ከአንድ ዙር የበለጠ ዋጋ አልነበረውም።

ዐሥራ አምስት ዙር ወደ ዐሥራ ሁለት የወረደበትም ምክንያት አለው። ኅዳር 4 ቀን 1975 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1982) ከሬይ ማንቺኒ ጋር የተጋጠመው ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በዐሥራ አራተኛው ዙር ወድቆ ከቀናት በኋላ ሞተ፤ ከዚህም በኋላ የዓለም ቡጢ ምክር ቤት ዙሩን ወደ 12 አሳጠረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ቀደም፣ በ1974 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1981)፣ ሌናርድ ቶማስ ኸርንስን በዐሥራ አራተኛው ዙር ሲያስቆመው በሦስቱም ዳኞች ወረቀት እየተመራ ነበር። በዛሬው ሕግ ቢሆን አሸናፊው ኸርንስ ነበር።

ሌላው መታወቅ ያለበት የዳኞቹ አቀማመጥ ነው። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ጠብ ሲነሣ ሽማግሎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሁለቱም ወገን ይሰማሉ፣ እርስ በርሳቸው ይመካከራሉ፣ በመጨረሻም አንድ ቃል ይዘው ይነሣሉ። የቡጢ ሥርዓት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሦስቱ ዳኞች በመድረኩ በሦስት ወገን ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ አይነጋገሩም፣ ዙሩ እንዳለቀ ወረቀታቸውን ያስረክባሉ። ይህም አንዱ ሌላውን እንዳይጎትት የታሰበ መልካም ዘዴ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የሚያርም ሰው አለመኖሩ ነው። መጋቢት 4 ቀን 1991 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1999) ሌኖክስ ልዊስ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር ሲጋጠም፣ ምት የሚቆጥሩት ባለሙያዎች ልዊስ 348፣ ሆሊፊልድ 130 እንዳሳረፉ መዘገቡ። ከዳኞቹ አንዱ ለልዊስ 116 ለ 113፣ ሌላው 115 ለ 115፣ ሦስተኛዋ ለሆሊፊልድ 115 ለ 113 ሰጡና እኩል ተባለ። ልዊስ ሆሊፊልድን በገመዱ ላይ ይዞ የቀጠቀጠበት አምስተኛ ዙር እንኳ በሦስተኛዋ ዳኛ ወረቀት ላይ ለሆሊፊልድ ተጽፎ ተገኘ። በዚያው ዓመት በፈረንጆች ኅዳር ወር እንደገና ተጋጥመው ልዊስ በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ።

ከዚህ የባሰው በኦሊምፒክ የሆነው ነው። መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1988) በሴኡል የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ሮይ ጆንስ የአገሬውን ሰው ፓርክ ሲ ኹንን 86 ለ 32 በሆነ የምት ብልጫ መትቶ ሳለ፣ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ለፓርክ ፈረዱ። ሦስቱ ከኡጋንዳ፣ ከኡራጓይና ከሞሮኮ የመጡ ነበሩ። የውድድሩ ምርጥ ቡጢኛ የሚባለውን ዋንጫ ግን ያው የተሸነፈው ጆንስ ወሰደ! ከዚህ በኋላ በኦሊምፒክ ዳኞች አዝራር የሚጫኑበት የኮምፒዩተር አቆጣጠር መጣ፤ ከአምስቱ ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ካልተጫኑ ምቱ አይቆጠርም። ይህም ገላን መምታት ከንቱ አደረገው፤ ለዓይን የሚታየውን የፊት ምት ብቻ እየለቀሙ መሸሽ ልማድ ሆነ። በመጨረሻ ተትቶ አማተሩም ወደ አሥር ነጥቡ ተመልሷል።

ኢትዮጵያም በዚህ መድረክ ላይ ቆማለች። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በ1957ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባመጣበት በ1972ቱ የሞስኮ ኦሊምፒክም ቡጢኞቻችን ተሰልፈው ነበር። ሯጮቹን ሕፃን ሁሉ በስም ይጠራል፤ ቡጢኞቹን የሚጠራ ግን የለም። ሩጫ ሰዓት ይመዘግበዋል፤ በነጥብ የተሸነፈ ቡጢኛን ግን ዙሩን የያዘለት ሰው ከሌለ በስተቀር ማን ያስታውሰዋል?

ለጀማሪዎች ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የግጥሚያውን ውጤት የማታውቁትን ምረጡ፤ ፋይሉን የሚያመጣው ጓደኛችሁ ስሙን ለውጦ ይስጣችሁ። ድምፁን ዝጉ፤ ተራኪው ከዳኛው ይልቅ ያሳምናልና፤ የሕዝቡ ጩኸት ደግሞ የሚጮኸው ለሚወደው ነው። ወረቀቱን በአሥራ ሁለት ሣጥን ከፋፍሉ፤ በአንዷ ደቂቃ ዕረፍት ቁጥሩንና አንድ ቃል ምክንያት ጻፉ («ግራ ቀጥታ»፣ «ገላ»፣ «ሠላሳ ሰከንድ»)፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡ። የተጻፈ አይሰረዝም። ድምሩን እስከ መጨረሻ አትደምሩ፤ ማን እንደሚመራ ያወቀ ሰው ሳያስበው ለተሸነፈው ማዘን ይጀምራል። ሲያልቅ ሁሉም ወረቀቱን በአንድ ጊዜ ይዘርጋና፣ ክርክሩ «ማን አሸነፈ» ተብሎ ሳይሆን «ሰባተኛውን ለምን ለእርሱ ሰጠህ» ተብሎ ይጀመር። አዲስ ገቢውም አፍ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሃግለርና ሌናርድን ከያዛችሁ በኋላ መጋቢት 8 ቀን 1982 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1990) በላስ ቬጋስ ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝና ሜልድሪክ ቴይለር ያደረጉትን ውሰዱ። ቴይለር በፍጥነቱ ዙር ከዙር እየሰበሰበ ይሄዳል፤ ቻቬዝ ጥቂት ይመታል፣ የመታው ግን ያርፋል። ፊታቸውን አስተያዩ፤ ነጥቡ ወደ አንዱ ሲያጋድል እብጠቱና ደሙ የሚታየው በዚያው በሚመራው ላይ ነው። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ቴይለርን በሰፊው ያስቀድሙት ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ዙር መጨረሻ ቻቬዝ ጣለው፤ ቴይለር ተነሣ፤ የመሃል ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ደህና መሆኑን ጠየቀው፣ መልስ አላገኘምና ግጥሚያውን አቆመ። ደወሉ ሊደወል የቀረው ሁለት ሰከንድ ነበር። በወረቀታችሁ ላይ ዐሥራ ሁለተኛው ሣጥን ባዶውን ይቀራል።