አሰር፣ ቡቲሬትና የትልቁ አንጀት ግድግዳ

«አሰር ያለው ምግብ ከአንጀት ካንሰር እንደማይከላከል ተረጋገጠ» የሚለው ወሬ ዛሬም ይናፈሳል። አዲስ ነገር የለውም። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተሙት ሁለት ጥናቶች ናቸው በየጊዜው ተቆርጠው የሚመጡት። ጥናቶቹ በደንብ የተሠሩ ናቸው፤ የጠየቁት ግን ፖሊፕ የሚባለው የአንጀት ግድግዳ እብጠት ተቆርጦ የወጣላቸው ሰዎች አሰር ቢጨምሩ በሦስትና አራት ዓመት ውስጥ እንደገና ያበቅሉ እንደሆነ ነው። ልዩነት አልታየም። ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ሳይናገሩ «ተረጋገጠ» ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው።

አሰር ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ክፍል ነው። ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካው ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የአንጀቱን ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ነው። ጤነኛው ሴል ቡቲሬቱን አቃጥሎ ይጨርሰዋል። ወደ ካንሰር ያዘነበለው ሴል ግን በግሉኮስ ላይ ስለሚንጠላጠል ቡቲሬቱ ሳይቃጠል ይጠራቀምበታል። ወደ ኒውክለሱ ይዘልቅና ዲኤንኤው ተጠቅልሎ እንዲጠብቅ የሚያደርጉትን ኢንዛይሞች ያግዳል። ያኔ ተዘግተው የቆዩ ጂኖች ይከፈታሉ፤ የሴሉ መባዛት ይገታል፣ አንዳንዱም ራሱን ያጠፋል። አንዱን ሴል የሚመግበው ነገር ሌላውን ያስቆመዋል ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በአብዛኛው የታየው በቤተ ሙከራ ሴሎችና በአይጦች ላይ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የተወሰነ የዘረመል ጉድለት ባለባቸው አይጦች ቡቲሬት የአንጀት ሴሎችን መባዛት ሲያፋጥን አሳይቷል። ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም፤ የቡቲሬቱ መጠንና የሴሉ ዘረመል ውጤቱን ሊለውጡት ይችላሉ። በሰገራው ላይ ደም ያየ ሰውም ምግቡን አስተካክሎ ሊጠብቅ አይገባም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መመርመር አለበት።

በሰው ላይ ከተሠሩት ሙከራዎች እኔ የማደንቀው በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመውን ነው። ሃያ የፒትስበርግ አፍሪካ አሜሪካውያንና ሃያ የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። የአሜሪካኖቹ የቀን አሰር ከ14 ግራም ወደ 55 ሲያድግ፣ የገጠሮቹ ከ66 ወደ 12 ወረደ፤ በገበታቸውም ሃምበርገርና የተጠበሰ ድንች ቀረበ። ከአንጀታቸው ግድግዳ ናሙና ሲታይ፣ በአሜሪካኖቹ የሴሎቹ መባዛትና ብግነት ቀንሶ፣ በገጠሮቹ ጨምሮ ተገኘ። ቡቲሬቱም እንዲሁ፤ በአሜሪካኖቹ ጨመረ፣ በገጠሮቹ አሽቆለቆለ። ስቡም አብሮ ስለተለወጠ ሁሉን ለአሰር መስጠት አይቻልም፤ ሁለት ሳምንትም ካንሰር መቅረቱን አያሳይም። ግድግዳው ግን ለምግብ ለውጥ መልስ ለመስጠት ዓመታት አልጠበቀም።