ለራያ ዳገት የመኪናን ሞተር ማጎልበት ይገባልን?

ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦ የሚገባው መንገድ፣ ከቆቦ በኋላ ሜዳውን ይዞ አላማጣ እስኪደርስ ድረስ ለሹፌር አያስቸግርም። ከአላማጣ ወዲያ ግን የግራካሕሱ ጠመዝማዛ ይጀምራል፤ ቆረም ለመድረስም ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር ያህል መውጣት ግድ ነው። ከቆቦ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ በዚህ ዳገት ላይ ሲያቃስት የሰማ ሁሉ «ጉልበት አንሶት ነው» ይላል። ወዲያውም መካሪው ይበዛል፤ አንዱ ፓምፑን ክፈተው፣ ሁለተኛው ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ሦስተኛው ማርሚታውን ቅደደው ይላል። አዲስ ተሹሞ ወደ ቆላው የተላከና በቁጠባው አሮጌ ፒክአፕ የገዛ ወጣትም ከዚህ ምክር አያመልጥም።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ሰው በእጁ ያለውን መኪና ቢያበላሽ የሚተካው በቀላሉ አያገኝም።

በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው፣ ሞተሩ የጎደለው ምንድን ነው? የሚለው ነው። እንደ እኛ አስተያየት የጎደለው ናፍጣ አይደለም፤ አየር ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከመቶ 15 እጅ ያህል ያንሳል። ቆረም ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ጉድለቱ ከመቶ 25 እጅ ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቆረም ላይ 75 ገደማ ቢሰጥ ሊያስደንቀን አይገባም። በቆላው የቀትር ሙቀት ላይ አየሩ ይብስ ይሳሳል።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ ለማለቅ ከ14 ኪሎ የሚበልጥ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካው በማኅተም የዘጋውን የፓምፕ ቡሎን አዙሮ ናፍጣ መጨመር፣ አየር ባነሰበት ቦታ ላይ ማገዶ እንደ መከመር ነው። ሜዳው ላይ ጥቂት ለውጥ ይታይ ይሆናል፤ ዳገቱ ላይ ግን የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የቀረ ናፍጣ ነው፤ ባለቤቱ የከፈለበት ናፍጣ! ከዚህም በላይ የጭሱ ሙቀት እየጨመረ ይሄድና ፒስተኑን ያቀልጣል፣ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ጥቂቱም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል።

የከፍታን ጉድለት በእውነት የሚሞላው ቱርቦ ነው። ይህም የሞተሩን ጭስ በመንኮራኩር ላይ አሳልፎ፣ በእርሱ ኃይል አየር እየጨመቀ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 የፈጠራ መብት አወጣበት። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ፈተነው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ከተራራው ላይ ወደ 230 ገደማ ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን የቀድሞ ጉልበቱን መልሶ አገኘ። የእኛ የግራካሕሱ ጥያቄ መልስ ካገኘ መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ፣ ቱርቦ ታስቦለት ባልተሠራ አሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦ መለጠፍን አንመክርም። ፒስተኑ፣ የዘይቱ መስመርና ማቀዝቀዣው ሁሉ ለዚያ ጫና መዘጋጀት አለባቸው። አቅም ያለው ሰው ከፋብሪካው ቱርቦ ያለውን፣ ለመኪናው የሚስማማ ሙሉ ሞተር ቢያስቀይር ይሻላል፤ የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ለውጡን በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይኖርበታል።

ቴርሞስታት ማውጣት በአገራችን የተለመደ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሲበላሽ ተዘግቶ ሞተር ስለሚያቃጥል ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ብሎ ያወጣው ሰው እንግዲህ በሮቢት ሙቀት ያፈላዋል፤ በቆረም ብርድ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ያለ ዕድሜው ያልቃል። የተበላሸውን በአዲስ መተካት ነው እንጂ! ስለ ማርሚታው መቅደድ ብዙ አንልም፤ የሚጨምረው ጩኸት ነው።

ታዲያ ባለ መኪናው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? አይደለም። የራያ አቧራ የደፈነው የአየር ፊልትሮ ሞተሩን ሌላ ተራራ ያወጣዋል፤ እርሱን መለወጥ ይቀድማል። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክንፎች ማጠብ፣ ኖዝሎቹን ማስፈተሽ፣ ቫልቮቹን ማስተካከል፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት ማስለካት ነው። ግፊቱ ከወረደ ሞተሩ እድሳት ፈልጓል፤ ምንም ዓይነት ማጎልበት አያድነውም። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ነውር አይደለም፤ ወይም ጥቂት ኩንታል ማውረድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን መልሱ ነው። ጉልበት የተጨመረለት ሞተር ከበፊቱ የበለጠ ጭነት ቆረም ያደርሳል፤ ፍሬኑ፣ ባሌስትራውና ጎማው ግን የድሮዎቹ ናቸው። ያ ጭነት በዚያው ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ ሲወርድ የሚይዘው ፍሬን ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ሹፌሩ ገና ከላይ ሳለ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ኃይል መያዝ አለበት። ብዙዎቹ አይሱዙዎች የጭሱን መውጫ ዘግቶ መኪናውን የሚያዘገይ ተጨማሪ ፍሬን አላቸው፤ ገመዱ ተበጥሶ ወይም ቫልቩ በጥላሸት ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ ፓምፑን የሚነካው መካኒክ ያንን ፈትቶ ያጽዳ፣ ከቆቦ ሳይነሡም ይሞከር።