ተጨማሪ መረጃ፦ የቆየ ስፒከር ካፓሲተር ሲለወጥ
እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተሠሩ ብዙ የቤት ስፒከሮች ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ትዊተር፣ ወፍራሙን ወደ ዉፈር የሚለይ ሰርኪዩት አለ። በሰርኪዩቱ ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ቀጭኑ ድምፅም ይደክማል። መፍትሔው ካፓሲተሩን ፈሳሽ በሌለው የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር መተካት ነው።

መጠኑ ግን መጠበቅ አለበት። 8 ኦም የሆነ ትዊተር ከ4 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር በተከታታይ ሲያያዝ የመለያው ድግግሞሽ 5,000 ሄርዝ ገደማ ነው። በ8 ማይክሮፋራድ ቢተካ ወደ 2,500 ሄርዝ ይወርዳል፤ ትዊተሩም ከአቅሙ በላይ ኃይል ደርሶት ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ካፓሲተር በማይክሮፋራድ ከነባሩ እኩል ይሁን፤ በቮልት ግን ከነባሩ አይነስ።