ከሕፃናት ጋራ ለሚደረግ ረጅም የአየር ጕዞ ቀን ይሻላልን ወይስ ሌሊት?

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ትኬት ሊገዙ የተነሡ ባልና ሚስት አስቀድመው የሚከራከሩት በዋጋው ነው፤ ዋጋው ከተወሰነ በኋላ ግን ሁለተኛው ክርክር ይመጣል። «ልጆቹ ተኝተው እንዲያድሩልን በሌሊት እንሂድ» ይላል አንደኛው። «እኛስ መቼ ልንተኛ ነው? በቀን ይሁንልን» ትላለች ሁለተኛይቱ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህ ክርክር በእኛም ቤት ስለ ነበረ፥ ልጆቻችንንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በዚህ መንገድ ስላመላለስናቸው፥ ያየነውንና ተሳስተን የተማርነውን ለአንባቢዎች ለማካፈል ወደድን።

በመጀመሪያ መንገዱን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በአየር ከ11 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ከዋሽንግተን ሲመጡ አይሮፕላኑ በመካከል ሳያርፍ በ13 ሰዓት ያህል ይደርሳል፤ ወደዚያ ሲሄዱ ግን መንገዱ ያው ሁኖ ሳለ 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል። ለዚህም ምክንያቱ በአንድ በኩል ነፋሱ ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለ ሆነ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የቦሌ ከፍታ አለ። የአይሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ አይሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ከነተሳፋሪው ተሸክሞ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ በመካከል አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የሚያርፍበት ከተማ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ለሕፃን እናት ግን ከተማው የትም ይሁን የት ልዩነት የለውም። መብራቱ ይበራል፥ በሩ ይከፈታል፥ ጠራጊዎች ይገባሉ፥ በስንት ልፋት የተኛው ልጅም ይነቃል።

አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚነሡት በምሽት ሁኖ ዋሽንግተን በማለዳ ይደርሳሉ። ከዋሽንግተን ሲነሡ ደግሞ ረፋድ ላይ ይነሡና በማግሥቱ ጧት ቦሌ ይደርሳሉ። እንግዲህ አንደኛው የሌሊት፥ ሁለተኛው የቀን ጕዞ ይባላል። እኛም ልጆቹን በመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራቸው ያመጣናቸው በ2009 ዓ.ም. ለገና በዓል ሲሆን፥ የሄድነው በቀን ስለ ሆነ ቀላል ይሆንልናል ብለን ነበር። ታላቁ ልጅ ሦስት ዓመቱ፥ ታናሹ ስምንት ወሩ ነበረ።

ስሙ ግን ሰውን ያሳስታል። ለምሳሌ ያህል ከዋሽንግተን ከረፋዱ በ5 ሰዓት ተነሣን እንበል። አይሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ ስለሚሮጥ ጨለማው ቶሎ ይመጣል፤ መስኮቱ ይዘጋል፥ መብራቱ ይጠፋል፥ ትልልቆቹ ሰዎች ይተኛሉ። የልጁ ሰውነት ግን ገና ከቀትር በኋላ ላይ ነው፤ ስለዚህ በመቀመጫዎቹ መካከል ይሮጣል፥ ይዘፍናል፥ የፊተኛውን ሰው ወንበር ይመታል። የዋሽንግተን የመኝታው ሰዓት፥ ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት፥ የሚደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ከተጓዙ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የቀረው አራት ሰዓት ብቻ ሲሆን፥ ከዚያም ላይ ሁለት ሰዓት ያህሉን የቍርሱ ሽር ጕድ ይወስደዋል። ቦሌ ሲደርሱ በአዲስ አበባ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ በልጁ ሰውነት ግን እኩለ ሌሊት ነው። እንግዲህ የቀን የተባለው ጕዞ የሰረቀው ሌሊቱን ነው። በእንቅልፍ የወደቀውን ልጅ ተሸክሞ በፓስፖርት ሰልፍ መቆም፥ ሻንጣ መጠበቅ፥ ከዚያም አበባ ይዘው በደጅ ወደሚጠብቁት ዘመዶች መውጣት ይቀራል። አያቱ ሊስሙት ሲጐነበሱ ልጁ ቢጮኽባቸው ጠልቷቸው አይደለም፤ ሌሊት ስለ ሆነበት ነው።

ወደ አሜሪካ የሚወስደው የሌሊት ጕዞም እንዲሁ ስሙን አይመስልም። ከምሽቱ በ4 ሰዓት የተነሣ ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ቢተኛ እንኳ ገና እኩሌታው መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት ነግቶ ልጁ ጠግቦ እንቅልፉን ጨርሶ ሲነቃ፥ ከፊቱ ሌላ ስምንት ሰዓት ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። የሌሊት የተባለው ጕዞ አንድ ሙሉ ቀን በሆዱ ይዟል ማለት ነው። ከለንደን ወይም ከሌላው የአውሮፓ ከተማ በሌሊት የሚመጡ ወላጆችም ሌላ ችግር አለባቸው፤ የእነርሱ መንገድ ሰባትና ስምንት ሰዓት ስለ ሆነ ሌሊቱ ያጥራል፤ ራትና ቍርስ ሲቀነስ ለልጅ የሚተርፈው አራት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ትኬት ስትገዙ የመነሻውን ሰዓት ብቻ አትመልከቱ። የመድረሻውን ሰዓት ልጁ ከሚኖርበት አገር ሰዓት ጋራ አነጻጽራችሁ፥ በዚያች ደቂቃ የልጁ ሰውነት ምን ሊያደርግ እንደሚፈልግ አስቡ። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8 ሰዓት፥ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው።

የልጁ ዕድሜ ብዙ ነገር ይለውጣል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሌሊቱ ይሻላል፤ ጡት እየጠባ ይተኛል፤ በፊተኛው ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን የሕፃናት አልጋም ማግኘት ይቻላል። ይህ አልጋ ቍጥሩ ጥቂት ስለ ሆነ ትኬቱ በተገዛበት ቀን መጠየቅ አለበት፤ የሚሸከመውም ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ10 ወይም ከ11 ኪሎ አይበልጥም። አይሮፕላኑ ሲናወጥ ሕፃኑን ከዚያ አንሥቶ መያዝ ግዴታ ነው። አራት ዓመት ያለፈው ልጅ ሥዕልና ተረት ከተያዘለት ቀኑን ያለ ብዙ ችግር ይችለዋል። ከባዱ ገና መራመድ የጀመረው፥ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው ነው። እርሱ መቀመጥን አያውቅም፥ የሚነገረውንም ነገር አይሰማም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ካሉ እንዲህ ላለው ልጅ ሌሊቱን እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃልና።

አንድ ሰው ብቻ ከሆነስ? ይህ ነገር በእኛ ላይ ደርሷል። በዚያው ዓመት ከበዓሉ በኋላ እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ስቀር ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ብቻዋን በሌሊት ተመለሰች። የሕፃኑን አልጋ ዘግይተን ስለ ጠየቅን ቀድሞ ለሌሎች ተሰጥቶ ነበር። ሌሊቱን ታናሹን በጕልበቷ ላይ አስተኝታ፥ ታላቁን በትከሻዋ አስደግፋ፥ ዐይኗን ሳትከድን አደረች። ነዳጁ ከተቀዳ በኋላ ታላቁ ነቃ፤ እርሱንም ስታጫውት ብዙ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ታላቁ በሥዕል መጽሐፉ ላይ ባቀረቀረበት ጊዜ እንቅልፍ ሳታውቀው ጣላት። የቀሰቀሷት በአጠገቧ የተቀመጡ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሕፃኑ ከክንዷ ተንሸራቶ በእርሷና በመቀመጫው መደገፊያ መካከል ገብቶ፥ ፊቱ በብርድ ልብሱ ተሸፍኖ ነበር። እኒያ እናት አንሥተው አቀፉትና «ልጄ፥ አንቺ ተኚ፤ እኔ እይዘዋለሁ» አሏት። ምንም ጕዳት አልደረሰበትም። ባለቤቴ ግን ይህን የነገረችኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የተቈረጠ ነገር ቢኖር፥ ብቻውን ሕፃናትን ይዞ የሚሄድ ሰው ለልጆቹ እንቅልፍ ብሎ ሌሊትን እንዳይመርጥ ነው። በቀን የሚነሣ መንገድ ሲገኝ እርሱን ይያዝ፤ የሚገኘው ሌሊት ብቻ ከሆነ ቀኑን አስቀድሞ እንቅልፉን ይተኛ፥ አልጋውንም ቀድሞ ይዘዝ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በወላጁ ጕልበት ላይ በጥቂት ዋጋ እንዲሄድ መፈቀዱ ለኪስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከተገኘ ለሕፃኑ ለብቻው መቀመጫ ገዝቶ በአይሮፕላን እንዲያገለግል የተፈቀደ የሕፃን ወንበር መያዝ ከሁሉ ይበልጣል። በጕዞው መካከል ልጁ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው ራሱን የቻለ መቀመጫ እንደሚያስፈልገውም አትርሱ።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር መናገር ይገባናል፤ የምንናገረውም ስሕተታችንን በመግለጥ ነው። በመጀመሪያው ጕዞ ታላቁ ልጃችን አልተኛ ባለን ጊዜ፥ አንድ ወዳጅ የመከረንን የአለርጂ ሽሮፕ ሰጠነው። ልጁ በመተኛት ፈንታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጮኽና ሲቅበጠበጥ ቈየ። በኋላ የጠየቅነው ሐኪም እንደ ገለጠልን፥ ትልቁን ሰው የሚያስተኛው እንዲህ ያለው መድኃኒት አንዳንዱን ልጅ በተቃራኒው ያነቃዋል፥ ያቅበጠብጠዋልም፤ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ የትንሽ ልጅ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ጠብ አድርጉለት፥ ይተኛል» የሚለውን ምክር፥ መካሪው ማንም ቢሆን፥ አትቀበሉ።

ጆሮን በተመለከተ ቦሌ ለልጆች ቸር ነው። ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 የሚባሉት አይሮፕላኖች በውስጣቸው የሚጠብቁት አየር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ስለምትል ወደ ቦሌ ሲወርዱ ጆሮ ብዙም አይጨነቅም። የሚያምመው በባሕር አቅራቢያ ባለው ዝቅተኛ አገር፥ እንደ ዋሽንግተን ባለው፥ ሲወርዱ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ምራቁን የሚውጠው ጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ማረፊያው በልጁ እንቅልፍ ሰዓት ከዋለ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር ቀስቅሶ ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ይረዳል። ቢቈጣም ይቈጣ።

ሌሊትን ለሚመርጡ ደግሞ ስለ ቀኑ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በትኬት ላይ የሚጻፈው ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቈጠር ሲሆን፥ በእኛ ልማድ ግን ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። «ማክሰኞ 00፡30» ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የሚሄድ ቤተ ሰብ አይሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን እንዳለፈው የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው።

ለበዓል የሚመጡ ወላጆች በዋዜማው ባይደርሱ ይመረጣል፤ ከተቻለ አራትና አምስት ቀን ይቅደሙ። ምንም እንኳ አንድ የሚያስቅ ነገር ቢኖር፥ ከአሜሪካ የመጣ ልጅ በገና ሌሊት ከማንም ይልቅ ንቁ ነው፤ ለእርሱ እኩለ ሌሊት ማለት ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ነውና። እኛ በቅዳሴው ላይ ቆመን ስናንቀላፋ ልጃችን ከበሮውን ለማየት አንገቱን እያሰገገ ነበር።

ሰውነት አዲሱን ሰዓት የሚለምደው በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ ስለ ሆነ፥ ወደ ምሥራቅ ለመጣ ልጅ አንድ ሳምንት ያስፈልገዋል፤ ወደ ምዕራብ ለሄደ ጥቂት ይፈጥናል። በፀሓይ ማጫወት ይረዳዋል፤ ቀን እንዳሻው ለረጅም ጊዜ እንዲተኛ መተው ግን ሌሊቱን ያስረዝምባችኋል። አማቴ ይህን ሁሉ ያወቁት ማንም ሳይነግራቸው ነው። ልጆቹ በሁለተኛው ሌሊት በ8 ሰዓት ተነሥተው ሲያለቅሱ፥ እኛ እንዴት አድርገን መልሰን እንደምናስተኛቸው ስንጨነቅ፥ እርሳቸው «እርቧቸው እኮ ነው» ብለው ተነሡ። እውነትም በዋሽንግተን የራት ሰዓት ነበረ። ከዚያ በኋላ በየማታው ድፎ ዳቦ በመሶብ፥ ወተትም በፔርሙስ ከአልጋቸው ራስጌ ያስቀምጡላቸው ጀመር።