በቅንጣቶች ማጋጫ መረጃ አዲስ የተፈጥሮ ሕግን ስለ መፈለግ

የቁስ አካልን መሠረታዊ ቅንጣቶችና በመካከላቸው የሚሠሩትን ኃይሎች የሚገልጸው ንድፈ ሐሳብ «ስታንዳርድ ሞዴል» ይባላል። ይህ ንድፈ ሐሳብ አስቀድሞ የተነበየው ሂግስ ቦዞን የተባለ ቅንጣት በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመገኘቱ ታላቅ ማረጋገጫ አግኝቷል። ይሁን እንጂ የስበትን ኃይል አያካትትም፤ የጋላክሲዎችን እንቅስቃሴ ለማስረዳት የታሰበው ጨለማ ቁስ አካል ምን እንደ ሆነም አይገልጽም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከእርሱ ባሻገር ያለውን ሕግ ይፈልጋሉ። ዋናው ችግር በመረጃ ውስጥ የታየ እንግዳ ነገር አዲስ ሕግ ይሁን የዕድል አጋጣሚ ለይቶ ማወቅ ነው። በ2015 እና በ2016 የሆነው ነገር ይህን በሚገባ ያስረዳል።

1. የፍለጋው ዘዴ

በጄኔቫ አቅራቢያ፣ ከመሬት በታች፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነ ዋሻ ውስጥ የሚገኘው ትልቁ የሃድሮን ማጋጫ ፕሮቶኖችን በከፍተኛ ፍጥነት ያጋጫል። ከግጭቱ የሚወጡትን ቅንጣቶች አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉ ሁለት መሣሪያዎች ለየብቻቸው ይመዘግባሉ። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ፎቶኖች ባንድነት ይወጣሉ። የታወቀው ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ የጥንዶቹ ጉልበት ከፍ ባለ መጠን ቁጥራቸው ያለማቋረጥ እየቀነሰ መሄድ አለበት። አዲስ ቅንጣት ተፈጥሮ ወደ ሁለት ፎቶኖች ቢለወጥ ግን በዚህ ዝቅ እያለ በሚሄድ መስመር ላይ፣ በአንድ ሥፍራ እብጠት ይታያል።

2. የታየው እብጠት

በታኅሣሥ 2015 ሁለቱም የምርምር ቡድኖች በ750 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ እንዲህ ያለ ብልጫ ማየታቸውን አስታወቁ። የብልጫ ክብደት የሚለካው ሲግማ በተባለው የመደበኛ ልይይት መለኪያ ነው። በአትላስ ብልጫው ከ3 ሲግማ በላይ፣ በሲኤምኤስ ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። በሙያው ልማድ ግኝት ለመባል 5 ሲግማ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በአጋጣሚ የመከሠቱ ዕድል ከ3 ሚሊዮን አንድ እንኳ የማይሞላ ማለት ነው።

በተጨማሪም ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ ተማሪ ሳንቲም አሥር ጊዜ ቢወረውርና አሥሩንም ጊዜ አንበሳ ቢወጣለት ያስደንቃል፤ ዕድሉ ከ1024 አንድ ነውና። አንድ ሺህ ተማሪዎች ቢወረውሩ ግን ከመካከላቸው አንዱን ይህ ቢያጋጥመው አያስደንቅም። እንደዚሁም ተመራማሪዎቹ የፈተሹት አንድ ሥፍራ ብቻ ሳይሆን ብዙ የጉልበት መጠኖችን ስለ ነበር፣ ይህ ሲታሰብ የአትላስ ብልጫ ወደ 2 ሲግማ ገደማ ይወርዳል። ያም ሆኖ የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት እብጠቱን የሚያብራሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አቀረቡ።

3. የአዲሱ መረጃ ፍርድ

ወሳኙ ፈተና አዲስ መረጃ ነበር። ብልጫው እውነተኛ ቅንጣት ያስከተለው ከሆነ መረጃው ሲበዛ አብሮ መጉላት፣ አጋጣሚ ከሆነ ግን መደብዘዝ ነበረበት። በነሐሴ 2016 በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ከ2015ቱ በአራት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ መረጃ ቀረበ፤ እብጠቱም አልታየም።

ይህ ውጤት ባዶ ድካም አልነበረም። ማጋጫው ያላሳየው ቅንጣት ቢኖር እንኳ ከዚህ መጠን በላይ በብዛት ሊፈጠር እንደማይችል ወሰን ተበጅቶለታል፤ በወሰኑ ውስጥ የማይገቡ መላ ምቶችም ውድቅ ሆነዋል።

4. ለማስተማር ሥራ ያለው ጥቅም

ሳይንስ በመማሪያ መጻሕፍት ዘወትር የሚቀርበው በግኝቶች ዝርዝር መልክ ነው። ተማሪው ግን ግኝት ሳይሆን የቀረውን ጭምር፣ እንዴት ተመርምሮ እንደ ተጣለ ቢያይ፣ ማስረጃን የመመዘን ልማድ ያዳብራል። ከላይ የተጠቀሰውን የሳንቲም ሙከራ በማናቸውም ክፍል ያለ ወጪ ማካሄድ ይቻላል። ተማሪዎቹ አስደናቂ የመሰለውን ውጤት ካገኙ በኋላ ያው ተማሪ እንደገና እንዲወረውር ማድረግ፣ በማጋጫው የተፈጸመውን ፈተና በአነስተኛ መልኩ መድገም ነው።