ከፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ የሚነበብ የዘር ውርስ

ለሐኪም ቤት ከሚመጡት ዕቃዎች መካከል ለዓይን ተራ ፕላስቲክ የሚመስል፣ ዋጋው ግን በላዩ በተተከለው የማይታይ ነገር የሚለካ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም የዘር ውርስ መመርመሪያ ሰሌዳ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው የዘር ክር በአራት ፊደላት እንደ ተጻፈ ይቆጠራል፤ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ይጣመራሉ። በፋብሪካ የተሠሩ አጫጭር ክሮች በሰሌዳው ላይ በየነጥቡ ይተከላሉ። ከሕመምተኛው የተወሰደው ዲ.ኤን.ኤ. ተባዝቶ፣ የሚያበራ ቀለም ተደርጎበት ሲፈስባቸው፣ ተጓዳኙን ያገኘው ይያያዛል፤ የቀረው ይታጠባል። የበራውንም ነጥብ መሣሪያ ያነበዋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የአንድ ተክል 45 ጂኖችን በመስታወት ላይ አትመው ሥራውን አሳውቀዋል። መስታወት ግን ተሰባሪ ነው። ፕላስቲክ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ እየተጨመቀ በብዛት ስለሚወጣ ዋጋው ይቀንሳል።

ሆኖም ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ ያልተዘጋጀ የፕላስቲክ ፊት ክሩን አጥብቆ አይዝም፤ ስለዚህ በአልትራቫዮሌት ጨረር ወይም በኬሚካል ተሰናድቶ ክሩ ይታሰርበታል። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ራሱ ስለሚያበራ ንባቡን ያሳስታል።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለው ጂን ተደጋግሞ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ሊለውጠው ስለሚችል፣ በልክ የታዘዘለት መድኃኒት እስትንፋሱን እስከ ማዳከም ይደርሳል። ይህንኑ ጂን የሚያነብ ሰሌዳ በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቅዶት ነበር።

እንግዲህ ይህን ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ የዋጋውን ዝርዝር ብቻ አይመልከት። የፕላስቲኩ ፊት በምን እንደ ተሰናዳ፣ ከየትኛው የማንበቢያ መሣሪያ ጋር እንደሚስማማ፣ ከሙቀት፣ ከብርሃንና ከእርጥበት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የአገልግሎቱም ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ ከአምራቹ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከማዘዙም አስቀድሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይያዝ።

የሚያሳስት ሚዛን የገዢውን ኪስ ይጎዳል፤ የሚያሳስት ሰሌዳ ግን የሕመምተኛውን ሕይወት ያሳጣል።